ከሰርግ ፎቶ ወደ ጋለሪ በየት በኩል ነው?

ብርሃን_ፈላጊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ሰርግና ልደት አነሳለሁ፤ እንጀራዬ እሱ ነው። ሲመቸኝ ግን የጉሊት ሴቶችን፣ ጎረቤቶቼን፣ አክስቴን ሳይቀር ጥቁር ጨርቅ ፊት አስቀምጬ ፖርትሬት እሠራለሁ። ላይክ አለ፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ሰርጉን ካልተውኩ እንደ አርቲስት የሚቆጥረኝ አይኖርም?

ካዛንቺስ፦
ዘመድ አለሽ? ከሌለሽ ሰርጉን ያዢ 😂

የድሮው ጨለማ ክፍል፦
ካዛንቺስ ቀልዱን ትቶ ቢሰማ ጥሩ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

የኛዋን ፎቶ አንሺ፣ የአይዳ ሙሉነህን መንገድ እዪ። ዋሽንግተን ፖስት ላይ የፎቶ ጋዜጠኛ ነበረች። በ2007 ማሊ፣ ባማኮ በተካሄደው የአፍሪካ ፎቶ ፌስቲቫል ላይ የአውሮፓ ኅብረትን ሽልማት አገኘች፣ በ2018 ሥራዋ ኒውዮርክ ሞማ በሚባለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ታየ። እኔን የሚገርመኝ ግን የዳሎሉ ሥራዋ ነው። ዋተርኤይድ የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ስለ ውኃ ችግር ሥሪልን አላት። እንደ ሰርግሽ የታዘዘ ሥራ ማለት ነው። ሌላው ቢሆን ጀሪካን የተሸከመች ሴት አንስቶ ይመለስ ነበር። እሷ ሞዴሎቿን ይዛ አፋር ወረደች። ፊታቸውን አስቀብታ፣ ደማቅ ልብስ አልብሳ፣ በዚያ ሙቀት ጨው ላይ አቆመቻቸው። 12 ፎቶ ሆነ፤ በ2019 ለንደን ሶመርሴት ሃውስ ታየ።

ማሊያዊው ፎቶ አንሺ ሰይዱ ኬታ ደግሞ እዚያው ባማኮ ከ1948 ጀምሮ የሰፈር ፎቶ ቤት ነበረው። ሬዲዮና የእጅ ሰዓት ለደንበኛ ያውሳል። መጀመሪያ ከኋላ የሰቀለው የገዛ አልጋ ልብሱን ነው! ጨርቁን በየጥቂት ዓመቱ ስለሚቀይር፣ ፎቶው መቼ እንደተነሳ ዛሬ በጨርቁ ይለያል። በ1991 ሥራዎቹ ኒውዮርክ ሲታዩ ግን አንሺው ያልታወቀ ተብሎ ነው የተጻፈው። ሰው ፈልጎ አገኘው። በ1994 ፓሪስ ካርቲየ ፋውንዴሽን የሚባለው የሥነ ጥበብ ማሳያ ለብቻው ሲያሳየው ከ70 ዓመት አልፎት ነበር። ኔጌቲቮቹን፣ ማለትም ፎቶው የሚታጠብባቸውን ፊልሞች፣ ባያስቀምጥ ኖሮ ምን ይገኝ ነበር?

ስለዚህ ሰርጉን አትተዪ። የጉሊቶቹን ብቻ ለይተሽ አንድ ተከታታይ ሥራ አድርጊው። የማይሄደውን ጨክነሽ አውጪ፤ አክስትሽም ትውጣ። ፕሪንት ስታወጪ ከጀርባው በእርሳስ ስምሽን፣ ዓመቱን፣ ከስንት ቅጂ ስንተኛው እንደሆነ ጻፊ።

ብርሃን_ፈላጊዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አክስቴ ግን ምርጧ ናት 🙈 የጉሊቶቹን ፈቃድ የጠየቅኩት በቃል ነው፤ ይበቃል?

የድሮው ጨለማ ክፍል፦
አይበቃም። አንድ ገጽ በአማርኛ ጽፈሽ አንብቢላቸውና ይፈርሙ፤ መፈረም ያልቻለችው በጣት አሻራ። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፕሪንት ስጪ። ፎቶው ከተሸጠ ምን እንደሚደርሳቸውም አሁኑኑ ተነጋገሩ፤ ብር ከመጣ በኋላ ወሬው ሌላ ነው።

ካዛንቺስ፦
እሺ፣ የአክስትሽን ፎቶ እዚህ ለጥፊውና እኛ እንፍረድ።