ጎመኔ ላይ ያበጡት ቡናማ ነገሮች ምንድን ናቸው?

የጓሮ ጎመን፦
ጤና ይስጥልኝ። ጓሮዬ ውስጥ ሁለት መደብ የሐበሻ ጎመን አለኝ። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ክሽክሽ፣ ያ ጭማቂ መጣጩ ጥቃቅን ነፍሳት፣ ወሮታል። ቅጠሉን ስገለብጠው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ለጋው ተጨማዶ ተጠቅልሏል። ይሄስ የተለመደ ነው። የገረመኝ፣ ከግራጫዎቹ መሃል የማይንቀሳቀሱ፣ ክብ ብለው ያበጡ ቡናማ ነገሮች አሉ። በጥፍሬ ስጫናቸው እንደ ደረቅ ወረቀት ይሰበራሉ። አንዳንዱ ጀርባው ላይ በመርፌ የተበሳ የመሰለ ቀዳዳ አለው። እንቁላል ነው? ጎረቤቴ «ሳይፈለፈል መድኃኒት ርጪበት» ትለኛለች። ደግሞ አጠገቡ ያለው ባቄላ ላይ ጥቁር ክሽክሽ አለ፤ ጉንዳን ይመላለስበታል። ጎመኑ ላይ ግን አንድም ጉንዳን የለም። ለምን?

ቀጥታ መልስ፦
ነቅለሽ አቃጥዪው። በቃ።

ጡረተኛው የሰብል ጥበቃ፦
እህቴ፣ እጅሽን ሰብስቢ! አትንቀዪም፣ አትረጪም። ከላይ ያለው ወንድሜ አይቀየመኝ እንጂ ማቃጠል የሚባል ነገር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ያ ቡናማ ነገር የክሽክሽ ሬሳ ነው። ርዝመቷ 2 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነች ጥቁር ተርብ አለች፤ ዲያሬቲየላ ራፔ ትባላለች። ሆዷን በእግሮቿ መሃል ወደ ፊት አጥፋ ክሽክሹን ትወጋውና አንድ እንቁላል ታስቀምጥበታለች። የተፈለፈለው ትል ከውስጥ እየበላ ያድጋል። ክሽክሹ ሲሞት ቆዳው ይነፋና ይደርቃል። ከዚያ አዲሷ ተርብ ጀርባውን ክብ አድርጋ ቆርጣ ትወጣለች። ያየሽው ቀዳዳ የእሷ በር ነው። አንቺ ሳትከፍያት የምትሠራልሽ ናት ማለት ነው።

የክሽክሽ እንቁላል ደግሞ በእኛ አየር ንብረት አትፈልጊ። እናቲቱ ያለ ወንድ፣ ሕያው ልጅ ትወልዳለች። የተወለደችው ሴት ልጅም ሆዷ ውስጥ ፅንስ ይዛ ነው የምትመጣው። ስለዚህ ጠንካራ መድኃኒት ከረጨሽ ተርቧም ክሽክሽ የምትበላው ጥንዚዛም ያልቃሉ፣ የተረፈው ክሽክሽ ግን ማንም ሳይነካው ይራባል። ቦታ ሲጠባቸው ክንፍ ያላቸው ይወለዱና ወደ ጎረቤትሽ ይሻገራሉ።

ጉንዳኑን በተመለከተ፦ የባቄላው ክሽክሽ ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣል፤ ጉንዳን እሱን ይልሳል፣ በምላሹ ጥንዚዛና ተርብ ያባርርለታል። የጎመኑን ግን ጉንዳን እምብዛም አይጠብቀውም። እሱ የራሱ ስንቅ አለው። ከጎመኑ የሚመጣውን የሰናፍጭ መራራ ንጥረ ነገር ሰውነቱ ውስጥ ያከማቻል፤ የሚሰብረውን ኢንዛይም ደግሞ ራሱ ይሠራል። ሲጨፈለቅ ሁለቱ ይገናኙና የሚያቃጥል ዘይት ይወጣል። ባለ ሁለት ነጥቧ ጥንዚዛ ይሄን ክሽክሽ በልታ ትጎዳለች፤ ባለ ሰባት ነጥቧ ግን ትችለዋለች።

የባዮሎጂ ተማሪ፦
ጋሼ፣ ጣፋጩ ለምን ይተርፈዋል የሚለውን ልጨምር? የተክል ጭማቂ ስኳሩ ብዙ ነው፣ አስፈላጊ አሚኖ አሲድ ግን ያንሰዋል። ስለዚህ ክሽክሹ ብዙ ይመጥና የተረፈውን ስኳር ያስወጣል። ክሽክሹ የጎደለውን የሚያገኘው ሰውነቱ ውስጥ ከምትኖር ቡክኔራ ከምትባል ባክቴሪያ ነው። ከእናት ወደ ልጅ ትተላለፋለች። የአተር ክሽክሽ ላይ ሃሚልቶኔላ የምትባል ሌላም አለች፤ ቫይረስ ይዛ ከሆነ ሰውነቱ ውስጥ የሚያድገውን የተርብ ትል ትገድልለታለች።

የጓሮ ጎመን፦
ኧረ ጉድ ነው! እና የምበላውን ጎመን ምን ላድርገው?

ጡረተኛው የሰብል ጥበቃ፦
የተጠቀለለውን ጫፍ ቁረጪና አስወግጂ። ቡናማዎቹ የበዙበትን ያረጀ ቅጠል ግን እዚያው ተዪው፤ ተርቦቹ ይውጡ። የቀረውን ከታች ወደ ላይ በውኃ ግፊት እጠቢው። ዩሪያ ካበዛሽ ቀንሺ፤ ለጋ ሲበዛ ክሽክሹም ይበዛል። ባቄላው አበባው ከያዘ ጫፉን ቅጠፊለት፤ ጥቁሮቹ የሚሰፍሩት እዚያ ነው። ጎረቤትሽንም ብልቃጡን ታስቀምጠው በያት።