ንጹሕ ዚፕ «ቫይረስ አለበት» ሲባል፦ ምን ማድረግ ይሻላል?

ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚያስገቡበትን ሰርቨር የምከታተለው እኔ ነኝ። የማስረከቢያው ዕለት ማታ አንዲት ተማሪ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ሦስቴ ላክሁት፤ ሦስቴም ቫይረስ አለበት ብሎ መለሰብኝ።» ልታለቅስ ደርሳ ነበር።

ዚፑን ፈትቼ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ስካን አደረግሁ። የተያዘው አንድ ብቻ ነው፤ በፓይተን ቋንቋ ጽፋ፣ ፓይኢንስቶለር በሚባል ማሸጊያ መሣሪያ ኢኤክስኢ (ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ የሚከፈት ፋይል) ያደረገችው ፕሮግራም። ኮዷን አብረን አነበብነው፤ ምንም የለበትም። ከዚያው ኮድ እኔ በራሴ ማሽን የሠራሁት ኢኤክስኢም ተያዘ! ቫይረስ ጸሐፊዎችም ይህንኑ መሣሪያ ስለሚጠቀሙ፣ ስካነሩ ማሸጊያውን አይቶ ይደነግጣል።

ለሰርቨር የምጠቁማችሁ ጸረ-ቫይረስ ክላምኤቪን ነው። ነጻ ነው፤ ከጀርባው የቴክኖሎጂ ኩባንያው ሲስኮ አለ። የምወደው ግን በሌላ ነው። ያጣራሁትን ፋይል አሻራ፣ ማለትም ሃሹን (ከይዘቱ የሚሰላ መለያ ኮዱን)፣ ሲግቱል በሚባለው የክላምኤቪ መሣሪያ አውጥቼ የፈቃድ ዝርዝር ውስጥ እጨምራለሁ። ያ ፋይል ብቻ ያልፋል፤ ጥበቃው ለሌላው እንዳለ ነው። ፋይሉ ትንሽ ከተነካ ግን አሻራው ስለሚቀየር እንደገና ማጣራት አለ።

ደግሞ የማንቂያውን ስም አንብቡ እባካችሁ። «ሂዩሪስቲክስ» ብሎ ጀምሮ «ኢንክሪፕትድ» ካለ፣ ዚፑ በፓስወርድ ተቆልፎ ውስጡን ማየት አልቻለም ማለት ነው። ቫይረስ አገኘሁ አላለም። ባለቤቱ ያለ ፓስወርድ ይላከው።

ሌላ አስተያየት ስትፈልጉ ቫይረስቶታል የሚባል ድረ-ገጽ አለ። ወደ 70 የሚጠጉ ስካነሮችን በአንዴ ይጠይቅላችኋል። ሁለት ሦስቱ ብቻ፣ ያውም የተወሰነ ቫይረስ ሳይጠሩ እንደ «ጄኔሪክ» ባለ የጅምላ ስም ከያዙት፣ የሐሰት ማንቂያ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ማረጋገጫ ግን አይደለም። የደመወዝ ሰነድ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የሰው ጥናት ግን በፍጹም እንዳትጭኑበት። የተጫነው ፋይል ለደህንነት ኩባንያዎች ይጋራል። አሻራውን ብቻ አስገብቶ መፈለግ ይቻላል፤ እኔ የማደርገው እንደዚያ ነው።

የያዘባችሁ የዊንዶውስ ጸረ-ቫይረስ የሆነው የማይክሮሶፍት ዲፌንደር ከሆነ፣ ማይክሮሶፍት በስህተት የተያዘ ፋይል መላኪያ ገጽ አለው። ክላምኤቪም አለው። ስህተቱ እዚያ ከታረመ ለሁሉም ይታረማል፤ ስለዚህ ሳትሰለቹ ላኩ።

የማልመክረው አንድ ነገር ፋይል የሚጫንበትን ፎልደር እንዳለ ከስካን ማስወጣት ነው። ያኔ እውነተኛው ቫይረስም በዚያው በር ይገባል።

የልጅቷ ፋይል ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ገባላት። ማስረከቢያው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቀርቶት ነበር።