ጥቆማ፦ ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና ማክ በሚጋሩት ሪፖዚተሪ ውስጥ የመስመር ማብቂያ እንዳይመሰቃቀል

የፋይል ለውጦችን በሚመዘግበው ፕሮግራም በጊት፣ በአንድ ሪፖዚተሪ (የጋራ የፋይል ማከማቻ) ላይ ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና ማክ የሚጠቀሙ ሰዎች አብረው ሲሠሩ፣ ማንም ያልነካው ፋይል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር ተቀይሯል ተብሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ የመስመር ማብቂያው፣ ማለትም መስመሩ ማለቁን የሚያመለክተው የማይታይ ምልክት፣ መለያየቱ ነው። ሊኑክስና የዛሬው ማክ አንድን መስመር ቁጥሩ 10 በሆነ አንድ ባይት፣ ማለትም በኤልኤፍ ሲዘጉ፣ ዊንዶውስ ከእርሱ በፊት ቁጥሩ 13 የሆነውን ሲአር ይጨምራል፤ ሁለቱ አብረው ሲአርኤልኤፍ ይባላሉ። ለዚህ የሚቀርቡትን መፍትሔዎች በሥራ ላይ ስለሞከርኋቸው፣ የትኛውን ለምን እንደምመርጥ ላስረዳ።

ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚመክረው ኦቶሲአርኤልኤፍ የተባለውን የጊት ማስተካከያ ነው። «ትሩ» ከተባለ ፋይሉ ወደ ሪፖዚተሪው ሲገባ ወደ ኤልኤፍ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ሲወጣ ደግሞ ወደ ሲአርኤልኤፍ ይለወጣል፤ «ኢንፑት» ከተባለ ለውጡ ሲገባ ብቻ ነው፤ «ፎልስ» ከተባለ ፋይሉ እንዳለ ይተዋል። ጊት በዊንዶውስ ላይ ሲጫን በነባሪነት የሚቀርበው ምርጫ የመጀመሪያው ነው። ለብቻው ለሚሠራ ሰው ይህ ሊበቃው ይችላል። ለቡድን ግን አልመክረውም፤ ማስተካከያው የሚቀመጠው በእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ በመሆኑ፣ አንድ አዲስ ባልደረባ ጊትን በተለየ ምርጫ በጫነ ዕለት የሌሎቹ ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ቀድሞ በሠራሁበት ቡድን ከዊንዶውስ ኮሚት የተደረገ (በሪፖዚተሪው የተመዘገበ) አንድ ሼል ስክሪፕት፣ ማለትም የትእዛዞች ፋይል፣ ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በተባለ የተለየ ክፍል በሚያስኬደው ዶከር ውስጥ አልነሣ ብሎ ግማሽ ቀን አባክኖብናል። ፋይሉ በቦታው እያለ ኮንቴይነሩ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይለን ነበር፤ ሊኑክስ የመጀመሪያውን መስመር ሲያነብ ከአስፈጻሚው ፕሮግራም ስም ጫፍ ላይ የተጣበቀውን ሲአር የስሙ አካል አድርጎ ይወስደዋልና።

የእኔ ቀዳሚ ምርጫ ጊትአትሪቢዩትስ የተባለው፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምረው ፋይል ነው። ይህ ፋይል ራሱ ኮሚት ስለሚደረግ ሪፖዚተሪውን የሚቀዳ ሰው ሁሉ ደንቡን አብሮ ይቀበላል፤ ከግል ማስተካከያም ይልቅ ተሰሚነት አለው። በመጀመሪያው መስመር በኮከብ ምልክት ሁሉንም ፋይል ወክላችሁ «ቴክስት» ለሚለው «ኦቶ»፣ «ኢኦኤል» ለሚለው ደግሞ «ኤልኤፍ» ብላችሁ ጻፉ። ኖትፓድ ከ2018 ወዲህ ኤልኤፍን በትክክል ስለሚያሳይ፣ ዊንዶውስ ላይም በኤልኤፍ መሥራት እንደ ቀድሞው አያስቸግርም። የዊንዶውስ ባች ፋይሎችን (የዊንዶውስ ትእዛዞች የሚጻፉባቸውን) ግን ለይታችሁ ሲአርኤልኤፍ አድርጓቸው፤ በኤልኤፍ ከተቀመጡ «ጎቱ» የሚለው ትእዛዝ የሚዘልበትን ቦታ ሊያጣው ይችላል። ምስሎችን «ባይነሪ» (ጽሑፍ ያልሆነ) ብሎ ማወጅም ከጥፋት ይጠብቃቸዋል።

ነባር ሪፖዚተሪ ላይ ከሆነ ይህን ፋይል መጨመር ብቻውን አይበቃም። «ጊት አድ» የሚለውን ትእዛዝ የነባሮቹ ፋይሎች ማብቂያ በአዲሱ ደንብ እንዲስተካከል «ሪኖርማላይዝ» ከሚለው አማራጭ ጋር ማስኬድ ያስፈልጋል፤ አማራጩ ከጊት 2.16 ጀምሮ ይገኛል። ይህን ሌላ ለውጥ በማይቀላቀልበት አንድ ኮሚት፣ ክፍት ቅርንጫፎች (ጎን ለጎን የሚሠሩ የለውጥ መስመሮች) መርጅ ከተደረጉ (ከዋናው ጋር ከተዋሃዱ) በኋላ እንድትፈጽሙት አጥብቄ እመክራለሁ። ከጊት 2.23 ወዲህ የዚያን ኮሚት መለያ በአንድ ፋይል መዝግቦ እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈ የሚያሳየው «ጊት ብሌም» እንዲያልፈው ማድረግ ስለሚቻል፣ የመስመሮቹ እውነተኛ ጸሐፊዎች አይሰወሩም።

ለጽሑፍ ኤዲተሮች የጋራ ደንብ የሚሰጠው ኤዲተርኮንፊግ ጥሩ ደጋፊ ነው፤ ፋይሉ ገና ሲጻፍ ትክክለኛውን ማብቂያ ያስይዛል። ቪኤስ ኮድ የተባለው ኤዲተር ግን ያለ ተጨማሪ ኤክስቴንሽን ስለማያነበው ብቻውን አይታመንም። የኮድ አጻጻፍን የሚያስተካክለው ፕሪቲየር ከ2.0 ጀምሮ ኤልኤፍን ነባሪ ስላደረገ ለጃቫስክሪፕት ፕሮጀክት ይስማማል። ሲአርኤልኤፍን ወደ ኤልኤፍ የሚለውጠው ዶስቱዩኒክስ የተበላሸን ፋይል ለማዳን ፈጣን ነው፤ ችግሩ ተመልሶ እንዳይመጣ ግን አያደርግም። እንደ ጊት ለውጦችን በሚመዘግበው በሰብቨርዥን ላይ ላላችሁ «ኢኦኤል ስታይል» የሚለው ንብረት «ኔቲቭ» (እንደየኮምፒውተሩ) ሊባል ይችላል፤ ለየፋይሉ የሚሰጥ በመሆኑ አዲስ ፋይል ሲጨመር እንዳይረሳ ተጠንቀቁ።

የአማርኛ ትርጉም ፋይሎች ለምትይዙ አንድ ነገር ልጨምር። ፋይሉ ፊደሎችን በባይት ከሚወክሉት ስልቶች አንዱ በሆነው በዩቲኤፍ-8 ከተቀመጠ የማብቂያው ለውጥ ፊደሎቻችንን አይነካም፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የሚጻፍባቸው 3 ባይቶች ሁሉ ከ127 በላይ ስለሆኑ ከ10 ወይም ከ13 ጋር ሊምታቱ አይችሉም። በቀድሞው ኖትፓድ «ዩኒኮድ» የሚለው ምርጫ ግን ዩቲኤፍ-16 የተባለው ሌላ ስልት ማለት ነበር። እንዲህ ባለው ፋይል ውስጥ የየክፍት ቦታው ሁለተኛ ባይት ዜሮ ስለሆነ ጊት ጽሑፉን ባይነሪ ነው ብሎ ይገምታል፤ ማብቂያውንም አያስተካክልም፣ የተለወጠውን መስመርም ለይቶ አያሳይም። ስለዚህ እንዲህ ያሉትን ፋይሎች በቅድሚያ ወደ ዩቲኤፍ-8 ለውጧቸው።

ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት «ጊት ኤልኤስ-ፋይልስ» የሚለውን ትእዛዝ «ኢኦኤል» ከሚለው አማራጭ ጋር አስኪዱ። የእያንዳንዱን ፋይል ማብቂያ በሪፖዚተሪው ውስጥና በኮምፒውተራችሁ ላይ ጎን ለጎን ያሳያችኋል፤ «ሚክስድ» የሚል የተጻፈባቸውን አስቀድማችሁ መርምሩ።