ልጄ የሙያ ፕሮግራም ልግባ አለችኝ፣ ኮሌጅ ይቀርባት ይሆን?

ጥያቄ (እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 10ኛ ክፍል ናት። ካውንስለሯ (የትምህርት ቤቷ አማካሪ) ለሚቀጥለው ዓመት ቶማስ ኤዲሰን የሚባለው የሙያ ትምህርት ቤት ገብታ የሕክምና ሙያ እንድትማር መክራታለች፣ እሷም ጓጉታለች። ባለቤቴ ግን አሻፈረኝ አለ። አገር ቤት እኮ ቴክኒክና ሙያ የሚገባው 10ኛ ክፍል ላይ ነጥብ ያልመጣለት ነበር፣ "ለዚህ ነው አሜሪካ ያመጣናት?" ይለኛል። እውነት ኮሌጅ ይዘጋባታል? ልጆቻችሁን ያስገባችሁ ንገሩኝ።

መልስ (አባት፣ ዊተን)
እህቴ፣ እኛም ቤት ጭቅጭቁ ይኸው ነበር። ልጄ እዚያ ኤሌክትሪክ ተምሯል። ግማሽ ቀን ኤዲሰን ይውል፣ ሒሳብና እንግሊዝኛውን በራሱ ትምህርት ቤት ይማር ነበር፣ አውቶቡስ ያመላልሰው ነበር። ዲፕሎማውን የሰጠው የራሱ ትምህርት ቤት ነው፣ ስለዚህ ኮሌጅ ለማመልከት ምንም አያግደውም። የሚጠበው ሰዓቱ ነው። ልጅሽ ኤፒ (የኮሌጅ ደረጃ ያላቸው) ክፍሎች መውሰድ ከፈለገች ቀድማችሁ ከካውንስለሯ ጋር ፕሮግራሙን አይታችሁ ወስኑ።

መልስ (ነርስ)
እኔ ከሲኤንኤ (ከነርስ ረዳትነት) ነው የጀመርኩት። በፌዴራል ሕግ የሲኤንኤ ሥልጠና ቢያንስ 75 ሰዓት ነው፣ ያ ብዙ አይደለም፣ ግን ልጅቷ አዛውንት ማጠብ፣ አልጋ ላይ ማገላበጥ፣ ምግብ ማጉረስ ምን እንደሆነ በእጇ ታየዋለች። የኮሌጅ ገንዘብ ከፍላ ሁለተኛ ዓመት ላይ "ነርስነት አልወድም" ከምትል አሁን ብታውቀው አይሻልም? ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ነርሲንግ አለ፣ መቀጠል ትችላለች። ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ግን እንዳይቀርባት! አደራ።

መልስ (የ12ኛ ክፍል ተማሪ አባት)
ለባለቤትሽ ይህን ንገሪልኝ። የሜሪላንድ ሕግ እኮ በ2031 ከሚመረቁት ተማሪዎች 45 በመቶው የሙያ ሰርተፍኬት ወይም አፕረንቲስሺፕ (እየሠሩ ሙያ መማር) እንዲኖራቸው ግብ አስቀምጧል። የወደቀ ልጅ መጣያ ቢሆን ግማሽ የሚጠጋውን ተማሪ እዚያ ላድርስ ይላል? የኔ ልጅ አፕረንቲስሺፕ ላይ ነው፣ ቢያንስ 450 ሰዓት ይሠራል፣ እየተከፈለው። 16 ዓመት ከሞላት የእናንተም ልጅ ትችላለች።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ሁሉንም ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ሰማኝና "ኬሚስትሪውን በየትኛው ሰዓት ነው የምትወስደው?" አለ። ሐሙስ ካውንስለሯ ጋ አብረን እንሄዳለን።