ለኦፕቲፕሌክስ 7020 «ውሃ ይግባለት»?

ሽቦ፦ አንዱ «ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7020 ኮምፒውተሬ ጌም ስከፍት ይጮኻል፣ 95 ዲግሪ ይደርሳል» ቢል የተሰጠው መልስ «ውሃ ይግባለት» ነው፤ በፋን ፋንታ በውሃ ማቀዝቀዣ ይገጠምለት ማለት ነው። 84 ዋት ለሆነ ፕሮሰሰር፣ ለአይ5-4590! ሰውየውን ልታራቁቱት ነው?

በረከት_ቴክ፦ እኔ ነኝ ያልኩት፣ አልሸሽም። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋን እዚህ አቅም ያንሰዋል።

ሽቦ፦ ውሃው ራሱ በምን ሊበርድ ነው፣ በጠበል? የውሃውን ሙቀት የሚያስወጣው ራዲያተርም የሚበርደው በዚያው በሳሳው አየር ነው።

ሰናይት፦ 😂 መጀመሪያ ይከፈት እስኪ። አቧራው የሂትሲንኩን (ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጦ ሙቀት የሚስበውን ብረት) ክንፎች ደፍኖ ይሆናል። በብሎወር ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት፣ አለዚያ ከልክ በላይ ፈጥኖ ኩሽኔታው ይበላሻል። በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መሃል ሙቀት የሚያስተላልፈውን የደረቀ ፔስት በአልኮል ጠርጋችሁ አተር የምታህል አዲስ ጠብታ መሃል ላይ። የሂትሲንኩን ብሎኖች በሰያፍ፣ ተራ በተራ አጥብቁ፤ አንዱን ወገን ቀድማችሁ ከጨረሳችሁ ይንጋደዳል።

ቆጣቢው፦ ፔስት፣ ፔስት! ሀስዌል፣ ማለት የዚህ ፕሮሰሰር ትውልድ (የኢንቴል 4ኛው)፣ ከራሱ ከፕሮሰሰሩ ክዳን ሥርም ያለው ፔስት ነው፤ ላዩን ብቻ ቀይራችሁ ተአምር አትጠብቁ።

ሰናይት፦ ተአምር ማን አለ? ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ላይ ራሱን ማዝገም ይጀምራል፣ ከዚያ ይራቅ ነው ያልነው።

በረከት_ቴክ፦ እሺ ውሃው ይቅር። ትልቅ ፋን ይግዛ።

ሽቦ፦ የት ሊሰካው? የዴሉ የፋን መሰኪያ ባለ 5 ፒን (እግር) ነው። የገበያውን ባለ 4 ፒን ያለ አዳፕተር ካስገባ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር የፋን ስህተት እያሳየ ለመቀጠል የኤፍ1 ቁልፍ ያስነካዋል። ፓወር ሳፕላይም ያው ነው፤ ማዘርቦርዱ የሚፈልገው ባለ 8 ፒን እንጂ 24 አይደለም።

ቆጣቢው፦ ስለዚህ ይሸጥ! ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ድጋፉ አበቃ፤ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር በይፋ ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለ ኢንቴል አይቀበልም።

ሰናይት፦ አንተ ደላላ ነህ እንዴ? በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ይጫንበት። ሃርድ ዲስኩ በፈጣኑ ማከማቻ፣ በሳታ ኤስኤስዲ ይቀየር፤ ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ዲዲአር3 1600፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋ በጥንድ ይሁን። ለጌም ተጨማሪ የፓወር ገመድ የማይጠይቅ ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ፤ የካርዱ ስሎት 75 ዋት ይሰጣል፣ ፓወር ሳፕላዩም 290 ዋት ነው። ገንዘብ ከተረፈው ፕሮሰሰሩን በአይ7-4790 ይቀይር፣ እሱም ያው 84 ዋት ነው።

በረከት_ቴክ፦ አይ7ቱ ላይ ግን ያው ሂትሲንክ ይበቃል ልትዪ ነው?

ሽቦ፦ ዋቱ አንድ ነው ተባልክ እኮ! ማንበብ ምን ይከብዳል?

ቆጣቢው፦ 290 ዋት ያላችሁት ለሚኒ ታወሩ፣ ለትልቁ ሳጥን ነው። የሰውየው ቀጭኑ ሳጥን፣ ኤስኤፍኤፍ የሚባለው ቢሆንስ? 255 ዋት ነው፣ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድም አይገባበትም። ሳትጠይቁት ዕቃ ታስገዙታላችሁ።