«ገና በኬሰል»፦ ለአንድ ሥዕል የግርጌ ጽሑፍ የቃላት እርዳታ ፈልጌ ነበር

የበርሊኗ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ በርሊን በካይዘር ቪልሄልም መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በከሰል የተሣለ አንድ ሥዕል ተሰቅሏል። አንዲት እናት በሰፊ ካባ ተጀቡና ሕፃኗን ከደረቷ አስጠግታ ትታያለች። የሣለው ኩርት ሮይበር የሚባል ፓስተርና ሐኪም ሲሆን፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1942 የገና ሰሞን፣ ቦታው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖችና ሩሲያውያን ከተዋጉባት ከስታሊንግራድ ከተማ ውጪ ባለ ሜዳ የተቆፈረ የጉድጓድ መጠለያ፣ ወረቀቱም የሩሲያ ካርታ ጀርባ ነው። በጠርዙ ላይ «1942 ቫይናኽተን ኢም ኬሰል» እና «ፌስቱንግ ስታሊንግራድ» የሚል ተጽፎበታል። ደግሞም «ሊሽት፣ ሌበን፣ ሊበ» ይላል፤ ብርሃን፣ ሕይወት፣ ፍቅር። ይህኛው አላስቸገረኝም።

እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ይዣት ሄድኩ። ገና ስታየው «ምስለ ፍቅር ወልዳ!» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። «ጽሑፉ ምን ይላል?» ስትለኝ «ገና በድስት ውስጥ» አልኳት። ትኩር ብላ አየችኝና «የጻፈው ሰው ርቦት ነበር?» አለችኝ።

ፎቶግራፉን ለደብሯ ሰዎች ልትወስድላቸው ስለፈለገች ከሥሩ የሚሆን አማርኛ እንደምጽፍላት ቃል ገብቻለሁ። ረቂቄ ይህ ነው፦ «በስታሊንግራድ የተሰዋው የ6ኛው ክፍለ ጦር ሐኪም ኩርት ሮይበር በድስት ውስጥ የሣለው።» ጀርመንኛው «6. አርሜ» ይላል። የሆነ ቦታ እንደተሳሳትኩ ጆሮዬ ይነግረኛል፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ለይቼ ላወጣው አልቻልኩም።

ፊደል ወዳድ፦

እህቴ፣ ድስቱን ተዪውና «ከበባ» በይው። ኬሰል የተከበበ ጦር ያለበት ቦታ ነው። ከእኛ ከሰል ጋርም የድምፅ እንጂ የሥጋ ዝምድና የለውም።

ላይፕዚግ የተማረው፦

ልጄ፣ ፊደል ወዳድ ያሉት ልክ ነው። ምክንያቱን ልጨምርልሽ። ኬሰል በየቤቱ ያለ ቃል ነው፤ የሻይ ማፍያውም፣ ልብስ የሚቀቀልበት ትልቁ በርሜልም ኬሰል ነው። ወጥ የሚሠራበት ድስት ግን «ቶፕፍ» ይባላል። አዳኞችም ቃሉን ይጠቀሙበታል። ሰዎች ሜዳውን በክብ ከበው፣ ክቡን እያጠበቡ ጥንቸሉን ወደ መሐል ሲነዱት «ኬሰልትራይበን» ይሉታል። ስለዚህ በወታደር አፍ ኬሰል ሲባል ዙሪያው መዘጋቱና ክቡ እየጠበበ መምጣቱ እንጂ ማፍላት አይታሰብም። ሩሲያውያን በበኩላቸው እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 1943 የጀመሩትን የመጨረሻ ማጥቃት «ኮልትሶ» ብለውታል፤ ቀለበት ማለት ነው። እኛም «ቀለበት ውስጥ ገባ» እንላለን። ለሥዕሉ ግን ከበባ ይሻላል፤ ቀለበት ከገና አጠገብ ሲነበብ ሠርግ ያስመስለዋል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ስለሁለተኛው ቃል አለመጠየቅሽ ነው። ፌስቱንግ ምሽግ ነው፤ በድሮው አነጋገር አምባ ልንለው እንችላለን። አምባ የሚመረጠው አስቀድሞ ነው፤ ውኃው ይታያል፣ እህሉ ይከተታል፣ መውጫ መግቢያው ይጠናል። ስታሊንግራድን ሂትለር ፌስቱንግ ያላት ሠራዊቱ ከተከበበ በኋላ ነው። ከውስጥ በቀን 500 ቶን ስንቅና ጥይት ተጠየቀ፣ የአየር ኃይሉ አዛዥ ጎሪንግም በአውሮፕላን አደርሳለሁ አለ፤ በአማካይ የደረሰው ግን የዚያን ሩብ እንኳ አልሞላም። ሰዎቹ የሮማኒያን ፈረሰኛ ጦር ፈረሶች እያረዱ በሉ። እናትሽ «ርቦት ነበር?» ማለቷ ትክክል ነበር፤ ርቦት ነበር።

ስለዚህ በዚያ ካርታ ጀርባ ላይ ሁለት ስሞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፌስቱንግ ከሂትለር በትእዛዝ የመጣው ስም ነው። ኬሰል በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሰው ያለበትን ቦታ የሚጠራበት ስም ነው። ሮይበር ሁለቱንም ጻፋቸው። አንዱን አስቀርተሽ ሌላውን ብቻ እንዳትተረጉሚ አደራ።

አሮጌው የሬዲዮ ሰው፦

«አርሜ» ላይ እኔ ልግባ። በወጣትነቴ አሥመራ በሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ውስጥ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እነዚህን ቃላት በቀን መቶ ጊዜ እጠራቸው ነበር። ከታች ወደ ላይ ጓድ፣ መቶ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ብርጌድ፣ ክፍለ ጦር፣ ኮር፣ ሠራዊት ናቸው። ክፍለ ጦር ጀርመኖች «ዲቪዚዮን» የሚሉት ነው፤ አርሜ ከእሱ ሁለት ደረጃ ይበልጣል። ቃሉን አዲስ መፍጠር አያስፈልግም፤ ሦስተኛው አብዮታዊ ሠራዊት በሥሩ 604ኛ ኮርን ሲያዝ እኮ ይህንኑ ማለታችን ነበር።

እህቴ፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ስድስተኛው አርሜ ሲከበብ አምስት ኮሮች ነበሩት፦ 4ኛው፣ 8ኛው፣ 11ኛው፣ 51ኛው እና 14ኛው ታንከኛ ኮር። በእነሱ ሥር 20 የጀርመን ክፍለ ጦሮች፣ በላዩም 2 የሮማኒያ ነበሩ። ከ250,000 ሰው በላይ ማለት ነው። «6ኛው ክፍለ ጦር» ብለሽ ስትጽፊ ይህን ሁሉ ሰው በአሥር ወይም በአሥራ አምስት ሺህ ትተኪዋለሽ። ሐኪሙ የራሱ ክፍለ ጦር ነበረው፤ 16ኛው ታንከኛ ክፍለ ጦር፣ በነሐሴ 1942 ከከተማዋ ሰሜን ቮልጋ ወንዝ ዳር ቀድሞ የደረሰው። ሁለቱንም ጻፊያቸው።

«6ኛው ጦር» የሚሉም አሉ። ስሕተት ነው አልልም፤ ነገር ግን ጦር መሣሪያውም፣ ውጊያውም፣ የተሰለፈውም ሰው ነው፤ ደረጃ አይነግርም።

ስለ ከበባው አንድ ነገር ልበል። ሩሲያውያን እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን ሲነሡ ከተማዋን ፊት ለፊት አልገፉም፤ የሮማኒያ ሠራዊቶች ክንፉን የያዙበትን መስመር ሰብረው ከኋላ ዞሩ። እኛ ቆረጣ የምንለው ይህን ነው። በአምስተኛው ቀን ካላች አጠገብ ተገናኙ፤ ሠራዊቱ ደጀኑን አጣ። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት አዛዡ ፓውሉስ የላከው የሬዲዮ መልእክት የሚጀምረው በሁለት ቃል ነው፦ «አርሜ አይንገሽሎሰን።» ሠራዊቱ ተዘግቶበታል። ኬሰልም ፌስቱንግም የለበትም። እንዲህ ያለ መልእክት የተቀበለ የሬዲዮ ሠራተኛ እርሳሱን ይዞ ለአፍታ እንደሚቆም እኔ አውቃለሁ።

ቁጥሩን በተመለከተ ደግሞ፣ 6ኛው ሠራዊት በመጋቢት 1943 በዚያው ስም እንደገና ተቋቁሟል፤ በነሐሴ 1944 ሮማኒያ ውስጥ ዳግመኛ ተደመሰሰ፤ ቀሪው በግንቦት 1945 ኦስትሪያ ላይ ለአሜሪካውያን እጁን ሰጠ። ስለዚህ ዓመቱን ሳትጽፊ አትለፊ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦

ጋሼ ባሉት ላይ ትንሽ ልጨምር። ሠራዊት በግእዝ የብዙ ቁጥር ነው፤ ነጠላው «ሠርዌ» ነው። በአክሱም የድንጋይ ጽሑፎች የንጉሡ ጭፍሮች በየስማቸው ሠርዌ እየተባሉ ይጠራሉ። ብዙ ሠርዌ ሲሰበሰብ ሠራዊት ይሆናል፤ ብዙ ኮር ሲሰበሰብ አርሜ እንደሚሆነው ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ የሚገጥም ቃል ከየት ይመጣል! እባክሽ በንጉሡ ሠ ጻፊው፤ ሥዕልንም እንደዚሁ።

የታሪክ አስተማሪ፦

ሁላችሁም «የተሰዋው» የሚለውን አልፋችሁታል፤ እኔ ግን አላልፈውም። በአማርኛ የሚሰዋ ሰው መሥዋዕት ሆኗል፤ ቃሉ ራሱ የሞተለትን ነገር ያከብራል። ይህ ሠራዊት የት የት አልፎ ቮልጋ እንደደረሰ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1941 ኪየቭን የያዘው እሱ ነው። ከአሥር ቀን በኋላ ባቢ ያር ገደል ውስጥ በሁለት ቀን 33,771 አይሁዳውያን ተረሸኑ። ተኳሾቹ የናዚው ኤስኤስና የፖሊስ ሰዎች ነበሩ፤ ሠራዊቱ ግን ተባብሯል፤ አይሁዳውያኑን ለሞት የጠራው ማስታወቂያ እንኳ የታተመው በእሱ ማተሚያ ነው። የዚያን ጊዜው አዛዥ ራይኸናው ጥቅምት 10 ቀን ባወጣው ትእዛዝ ወታደሩ በአይሁዳውያን ላይ የሚፈጸመውን «ዙነ» አስፈላጊነት እንዲረዳ አዘዘ። ላይፕዚግ የተማሩት ያርሙኝ፤ ዙነ ማስተሰረያ፣ የኃጢአት ካሳ ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ቃል ለእርድ ዋለ። ቃላት እንዲህ ተገልብጠው ያገለገሉትን ሠራዊት በእኛ ቋንቋ «የተሰዋ» ማለት አይገባንም። የባቢ ያር ሰዎችም «አለቁ» ወይም «ሕይወታቸው አለፈ» አይባሉ፤ ተጨፈጨፉ ይባሉ።

ደግሞም ሮይበር ጦር ሜዳ ላይ አልሞተም። ተማርኮ እ.ኤ.አ. በጥር 1944 በምርኮ ላይ ሳለ ነው የሞተው።

ላይፕዚግ የተማረው፦

አስተማሪው ሆይ፣ የሚታረም የለውም፤ ዙነ ያሉት ነው።

ለሟቾቹ የሚሆን ቃል አንድ አለኝ። ተማሪ ሳለሁ ያከራዩኝ አሮጊት ምሥር ሲለቅሙ ስለ ታናሽ ወንድማቸው ነገሩኝ። «ኤር ኢስት ኢም ኬሰል ገብሊበን» አሉ። ቃል በቃል «ኬሰሉ ውስጥ ቀረ» ነው። ጀርመንኛዬ ገና ስለነበር «ታዲያ አሁን የት ይኖራል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እጃቸው ከምሥሩ ላይ ቆመ፤ መልስ አልሰጡኝም። ማታ መኝታዬ ላይ ሆኜ ነው የእኛው «ዘምቶ ቀረ» ትዝ ያለኝ። ያው ቃል ነው። ቀረ አያመሰግንም፣ አይኮንንም፤ ሰው ይጠበቅ እንደነበር ብቻ ይናገራል። ወደ 91,000 ሰው ተማርኮ ወደ ቤቱ የተመለሰው 6,000 ገደማ ነው፤ የመጨረሻዎቹ የተመለሱትም እስከ እ.ኤ.አ. 1955 ድረስ ቆይተው ነው። ሌላው ቀረ።

አሮጌው የሬዲዮ ሰው፦

ቀረ። እኛም የምንለው እንዲሁ ነበር።

የበርሊኗ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የምሥሩን ነገር ደግሜ አነበብኩት።

እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ፦ «ገና በከበባ ውስጥ፣ ምሽግ ስታሊንግራድ፣ 1942። የጀርመን 6ኛ ሠራዊት፣ የ16ኛው ታንከኛ ክፍለ ጦር ሐኪም የነበረው ኩርት ሮይበር የሣለው። ሥዕሉ ቆስሎ በአውሮፕላን በወጣ መኮንን እጅ ለቤተሰቡ ደረሰ፤ እሱ ግን በዚያው ቀረ።»

ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት። «በእኛ ዘመን መቼ ነው?» አለች። በ1935 ታኅሣሥ 16 ቀን የእነሱ ገና እንደነበር፣ የእኛ ገና በዋለ ማግስት ደግሞ ሩሲያውያን «እጅ ስጡ» የሚል ደብዳቤ እንደላኩባቸው ነገርኳት። «እና ሰጡ?» አለችኝ። ያን ቀን እንዳልሰጡ፣ ፓውሉስ የተያዘው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጥር 23 ቀን፣ በአንድ የገበያ አዳራሽ ምድር ቤት እንደሆነ፣ የሰሜኑ ወገን ደግሞ ሁለት ቀን ቆይቶ እጁን እንደሰጠ አስረዳኋት።

«በዚያው ቀረ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ዛሬ ጠዋት ታትሞ ተልኮላታል። ሠራዊትም ሥዕልም በንጉሡ ሠ ናቸው።