«የቫይረሱ ቁርጥራጭ» ይባላል ወይ? እርዱኝ

ሰብለ፦ ሰላም ቤተሰብ። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ሁለት ቀን ቆሜያለሁ። ስለ ሩሲያው የኮቪድ ክትባት፣ ስለ ኤፒቫክኮሮና የተጻፈ ነገር እየተረጎምኩ ነው። ኖቮሲቢርስክ አጠገብ ያለው ቬክተር የተባለው የቫይረስ ምርምር ማዕከል የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 የተመዘገበው። «ክትባቱ የቫይረሱን ሦስት ቁርጥራጮች ይዟል» ብዬ ጻፍኩ። ለእናቴ ሳነብላት «ያንን በሽታ ከትፈው ነው እንዴ የሚወጉን?» አለችኝ። ቁርጥራጮቹ ፔፕታይድ ይባላሉ፣ አጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች ናቸው። ፔፕታይድን እንዳለ እተወዋለሁ፤ የቸገረኝ «ቁርጥራጭ» ነው። ቅንጣቢ ልበል? ስባሪ?

ፊደል ቆጣሪ፦ እናትሽ ልክ ናቸው። ቁራጭ ካልሽ የቆረጠም የተቆረጠም አለ። እዚህ ግን ቫይረስ የቆረጠ ሰው የለም። የፕሮቲን መሥሪያ የሆኑት አሚኖ አሲዶች ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ በአንድ እየተሰኩ ነው ፔፕታይዱ የሚሠራው። ሜሪፊልድ የተባለው አሜሪካዊ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1963 አሳትሞ በ1984 ኖቤል አግኝቶበታል። ከቫይረሱ የተወሰደው የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ቅንጣቢም ያው መቀንጠብ አለበት። «ቅጂ» በይው።

የዋሸራ ልጅ፦ ቆዩ፣ መጀመሪያ «ክትባት» ራሱ ይታይ። ከተበ ማለት ጻፈ ነው። አንገት ላይ የሚታሰረው ክታብም ከዚያው ነው። ስለዚህ ክትባት ሰውነት ላይ መጻፍ ነው፤ ቅጂ የሚለውም የሚያምረው ለዚህ ነው።

ጉራማይሌ፦ አይመስለኝም ወንድሜ። ከተበና ከተፈ አንድ ናቸው፤ በ እና ፈ ሁለቱም የከንፈር ድምፅ ናቸው። ድሮ እኛ አገር ፈንጣጣ ሲከተብ ክንድ ይበጣና ከታመመው ሰው ቁስል የተወሰደ ፈሳሽ ይገባበት ነበር። ምላጭ እንጂ ብዕር የት አለ? የሰብለ እናት «ከትፈው» ያሉት ዝም ብለው አይደለም።

የዋሸራ ልጅ፦ ሰባት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጬ ከተበን ከክትፎ ጋር ያጋባ መምህር አልገጠመኝም። ዐረቡም ከተበ ሲል ጻፈ ማለቱ ነው። ማስረጃ አምጣ።

ላብ ላይ ነኝ፦ ስለ ሥር ካነሳችሁ፣ ፔፕታይድ የሚለውን ስም ያወጣው ጀርመናዊው ኬሚስት ፊሸር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1902። ግሪኩ ፔፕቶስ የበሰለ፣ የተፈጨ ማለት ነው። ሆድ ሥጋን ሲፈጭ የሚቀረው ነገር ነበር በሐሳቡ።

ጉራማይሌ፦ ፔፕቶስና በሰለ! ፐ እና በ!

ፊደል ቆጣሪ፦ እባክህ ተው።

መሪጌታ፦ ልጆቼ፣ ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከርኩ ሰው ነኝና አንድ ቃል ልበል። የድጓን ምልክት አስቡ። ከታወቀ የዜማ ሐረግ የተወሰደች አንድ ሁለት ፊደል ከቃሉ ራስጌ ትጻፋለች። የተማረው እሷን ሲያይ ሙሉው ዜማ ይመጣለታል። ይህም ነገር እንደዚያው ነው፤ ሰውነት ትንሿን አይቶ ሙሉውን በሽታ ይለያል። «ምልክት» በሉት።

ላብ ላይ ነኝ፦ መሪጌታ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ምልክቷ ብቻዋን አታዜምም። አጭር ፔፕታይድ ቫይረሱ ላይ እንዳለው አይታጠፍም፤ ሰውነትም ብዙ ጊዜ አይቶት እንዳላየ ያልፈዋል። ለዚህ ነው ኤፒቫክኮሮና ውስጥ ሦስቱ ከተሸካሚ ፕሮቲን ጋር የተጣበቁት፣ ሰውነትን የሚያነቃው አልሙኒየም ሃይድሮክሳይድም የተጨመረበት። የዚህ ዓይነት ክትባት ትልቁ ጭንቅ እሱ ነው። መሥራቱ ቀላል ነው፤ ሰውነትን ማንቃቱ ነው የሚከብደው።

መሪጌታ፦ እኮ፤ መሪ የሌለው ምልክት። አሁን ይበልጥ ገባኝ።

ላብ ላይ ነኝ፦ ደግሞ «ቁርጥራጭ»ን ሙሉ በሙሉ አትጣሉት። ጀርመን አገር ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ኮቫክ 1 የሚባል አለ፣ ስድስት ፔፕታይድ ያለው። እሱ ያነጣጠረው ቲ ሴል በሚባለው፣ በሽታ በሚከላከለው የደም ሴል ላይ ነው። ቲ ሴል ደግሞ ቫይረሱን ሙሉውን አያይም። የተያዘው ሴል የቫይረሱን ፕሮቲን ከውስጥ ቆራርጦ ቁራጮቹን ደጁ ላይ ያሰጣቸዋል፤ ቲ ሴል የሚያየው እነዚያን ነው። ስለዚህ ቆራጭ አለ፣ ራሳችን ነን።

ፊደል ቆጣሪ፦ ያ ሰውነት ውስጥ የሚሆነው ነው። ብልቃጥ ውስጥ ያለው ግን ቅጂ ነው። የቁራጭ ቅጂ።

ጉራማይሌ፦ ቆራርጦ አልክ? ከተፈ ማለት ያ አይደል?

ሰብለ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተምሬያለሁ። ግን ጽሑፉን ነገ ጠዋት አስረክባለሁ። «ቁርጥራጭ» ነው «ቅጂ»?

የዋሸራ ልጅ፦ እህቴ ትንሽ ታገሺ። ጉራማይሌ፣ ማስረጃህን አላመጣህም።